ሴራሚክ ከመቀባቱ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው አሶሳ ነው። መኪናዬን ሴራሚክ ላስቀባት አስቤያለሁ፤ ታጥባ ብትቀባ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሴራሚክ የሚባለው የቀለም መከላከያ ሽፋን ከሥሩ ያገኘውን ጭረትም ሆነ ቆሻሻ አብሮ ያሽገዋል። ቀዩን አቧራ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ደግሞ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይውረድ፤ ከዚያ በመኪና ሻምፖ ይታጠብ። የልብስ ሳሙና ይቅርብዎ።

ሲደርቅ እጅዎን በስስ ፌስታል ሸፍነው ቀለሙን ይዳብሱት። ከሻከረዎት ገና አልጸዳም ማለት ነው፤ ሊጥ የሚመስለውን የመኪና ክሌይ በሻምፖ ውሃ እያራሱ ቀስ ብለው ያሹት። ማንጎ ሥር የሚያቆሙ ከሆነ (አሶሳ ላይ ጥላ ሲባል ያው ማንጎ አይደል?) የደረቀውን ሙጫ አይፋቁት፣ በአልኮል ያለስልሱት።

ፖሊሽ የሚያስፈልገው ጭረት ካለ ብቻ ነው። የቀለሙ ላይኛው ብርሃን አሳላፊ ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከጸጉር ይሳሳል፣ የፖሊሽ ማሽን በበዛበት ቁጥር ያልቃል። የፖሊሹን ቅባት በአልኮል ጠርገው ካላስወገዱ ሴራሚኩ አይይዝም።

ሥራው ጣሪያ ሥር፣ ብረቱ ሳይግል፣ በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። ጋራዥ ገብታ በቅርቡ ቀለም የተቀባች ከሆነ ግን ቢያንስ አንድ ወር ይታገሷት፤ ቀለሙ ገና ይተነፍሳል።