ያገለገለ ፈረስ ዕዳው የማን ነው?

በአባቶቻችን ዘመን ፈረስ ለጌታው መጠሪያ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው በፈረሶቻቸው ስም ነው። ዛሬ ግን ከቦሌ ወደ ምሥራቅ፣ በሲ ኤም ሲና በአያት በኩል፣ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ያነከሰ ፈረስ ከመንገድ ዳር ተጥሎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ባለቤቱ «ለቀቅሁት እንጂ አልገደልሁትም» ይል ይሆናል። ነገር ግን የተለቀቀውን ፈረስ ወይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ ጅብ ከነነፍሱ ይበላዋል። እንግዲህ መልቀቅ ማለት መግደልን ለሌላ መተው ነው።

የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ፣ ሮማዊው ካቶ የመርከብ ኪራይ ለመቆጠብ የጦር ፈረሱን በእስፓኝ ትቶ መሄዱን ጽፏል፤ ደግ ሰው ግን የደከመ ፈረሱን ይጦራል ይላል። ካቶ ሹም ነበር፤ ጋሪ ነጂው ግን የዕለት ጉርሱ ከፈረሱ ጋር ይቋረጣል። ያረጀ በሬ ለሥጋ ይሸጣል፤ የፈረስ ሥጋ በእኛ ዘንድ ስለማይበላ ያረጀ ፈረስ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለይ። ሕመሙ የሚድን ከሆነ፣ መልሶ ለማይጠምደው ባለ መስክ መስጠት ይገባል። እግሩ ተሰብሮ የማይድን ከሆነ ግን ሸክሙ በጤነኛው እግር ላይ ስለሚወድቅ ያም ይታመማል፤ ያን ጊዜ በሐኪም እጅ ፈጥኖ መግደል ምሕረት ነው።

ወጪውስ? ለቀብራችን በዕድር እናዋጣለን። ጋሪ ነጂዎችም ለፈረሱ መጨረሻ ጥቂት ቢያዋጡ፣ በጋሪው የተጠቀምነውም ብንጨምርበት፣ ዕዳው ለአንድ ድኻ ብቻ አይቀርም።