የፊት ብጉር

ልጅሽ ዐሥራ አራት ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ፊቷ ብጉር ቢያወጣ፣ ከቆሻሻ የመጣ አይደለምና አትቆጫት። በዚያ ዕድሜ የቆዳ ቅባት ይበዛል፤ መውጫው ቀዳዳ ሲደፈን ያብጣል። ፊቷን በቀን 2 ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ትታጠብ፤ በሻካራ ጨርቅ መፈተግ ያባብሰዋል። ራሷን ቅቤ ስትቀባ ወደ ግንባሯ እንዳይወርድ በሻሽ ትሰረው። በጥፍር ማፍረጥ ጠባሳ ያተርፋል።

ከመድኃኒት ቤት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት ይገኛል፤ ማታ ማታ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። የነጠላ ጥለት ያነጣልና ተጠንቀቂ! ለውጡ እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ አትተዪው። በገበያ የሚሸጠውን ፊት የሚያቀላ ቅባት ግን ከልክያት፤ ስቴሮይድ ያለበት አለና ለጊዜው አጥፍቶ ኋላ አብዝቶ ይመልሰዋል፣ ቆዳውንም ያሳሳል። እባጩ ጠልቆ የሚያም ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።