የግራ እጅ አያያዝ፦ በአሜሪካ የከበሮ ሰልፍ ቡድኖች ነባሩ ለአዲሱ ምን ያስረክባል?

በሀገራችን የማርሽ ሙዚቃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንድ ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሆኖ በአሜሪካ አገር በወጣቶች የሚካሄድ ነገር ነው። ድራም ኮር ይባላል፤ የከበሮና የጡሩምባ ሰልፍ ቡድን እንደ ማለት ነው። ብዙ ወጣቶች ከበሮ፣ ነሐስ ጡሩምባና ባንዲራ ይዘው በኳስ ሜዳ ላይ እየተራመዱ ይጫወታሉ፤ በነጥብም ይወዳደራሉ።

«ለመምህርነት የምንሠለጥን ሰዎች ስለ አሜሪካ ከበሮ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያገባናል የምንልበት ምክንያት አንድ ነው። በእነዚህ የወጣት ቡድኖች ደንብ መሠረት ዕድሜው 22 የገባ ሰው ለአዲስ የውድድር ዘመን መመዝገብ አይችልም። የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይሰናበታል። እንግዲህ በአምስት በስድስት ዓመት ውስጥ ቡድኑ ከሞላ ጎደል ሰው ይለውጣል ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚለወጥበት ቡድን ሰማንያና ዘጠና ዓመት «እኛ እንዲህ ነን» እያለ የሚኖረው በምን ዘዴ ነው? እኛም የዚህ ተቋም ሠልጣኞች መጥተን፣ ቆይተን፣ ሄያጆች ነን፤ ስለዚህ ነገሩ ከቶ ባዕድ አይደለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቡድኖቹ መነሻ ጦር ሜዳ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1919 የተቋቋመውን አሜሪካን ሌጅን የመሳሰሉ የዘማቾች ማኅበራት መሠረቱ። እነዚህ ማኅበራት የከበሮና የጡሩምባ ቡድን አቋቁመው በየከተማው አደባባይ ይሰለፉ ነበር። ቀጥሎም ለልጆች ቡድን አወጡ። አብያተ ክርስቲያናት፣ የፖሊስ የወጣቶች ክበባትና የቦይስካውት ማኅበራትም ተከተሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ባህል ፍጹም ወታደራዊ ነበር። ከውድድር በፊት ፍተሻ አለ፤ የጫማው መወልወል፣ የቁልፉ መብራት ሁሉ ይታያል። የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ በክብር ማሳለፍም ግዴታ ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ፤ ብዙው ጠብ የተነሳው በእርሱ ነውና። የጥንቱ ቡግል ምንም ቁልፍ የሌለው ቱቦ ነው። ድምፁን የሚለውጠው የነፊው ከንፈር ብቻ ነው፤ ከንፈር ሲጠብቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሲላላ ይወርዳል። ነገር ግን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ አይወጣም፣ ይዘላል። የወታደር መቀስቀሻና የቀብር ጡሩምባ በጥቂት ድምፆች ብቻ የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላውን ድምፅ ቱቦው አይሰጥም። ፒስተን ሲጨመርበት ግን አየሩ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል፤ አዳዲስ ድምፆችም ይገኛሉ። መጀመሪያ አንድ ፒስተን ተፈቀደ፣ በ1977 ሁለት፣ በ1990 ሦስት። በ2000 ደግሞ ጭራሽ የጂ ቅኝቱ ግዴታ መሆኑ ቀረና በማንኛውም ቅኝት የተሠራ ጡሩምባ ተፈቀደ።

ሽማግሌዎቹ በየደረጃው ተቃውመዋል። «ሦስት ፒስተን ያለው ቡግል ትራምፔት እንጂ ቡግል አይደለም» የሚለው ክርክራቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትክክል ነው። የሌላው ወገን መልስም ውሃ የሚያነሳ ነው። ወደ ቡድን የሚመጣው ልጅ በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ በቢ ፍላት ትራምፔት የተማረ ነው፤ ለምን እንደገና ሌላ ቅኝት ይማር? ያገለገለውንስ መሣሪያ ከትምህርት ቤት በቀር ማን ይገዛዋል? በ2004 ድምፅ ማጉያ፣ በ2009 ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲገባ ጠቡ እንደገና አገረሸ። እኛ በዚህ ላይ ረጅም አንጽፍም። ማይክሮፎን ከገባ ወዲህ ስለ ቡግል መሟገት ዘግይቷል ባይ ነን።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን የዳኝነቱ ታሪክ ነው። በቀድሞው ዘመን ዳኞች ወረቀት ይዘው በሰልፈኞቹ መካከል እየተዘዋወሩ ስህተት ይለቅሙ ነበር። አንድ እግር ቢሳሳት፣ አንድ ዱላ ቢዘገይ፣ ከነጥቡ አንድ አሥረኛ ይቀነሳል። ይህ ዓይነቱ እርማት ምን እንደሚያመጣ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው ስህተትን ብቻ የሚፈራ ከሆነ የሚያውቀውን ቀላል ነገር እየደጋገመ ይኖራል። ቡድኖቹም እንደዚያው ነበሩ፤ ሰልፉ ከሜዳው መካከለኛ መስመር ግራና ቀኝ እኩል ሆኖ፣ ቀጥ ያለ፣ ለማጽዳት የሚመች ነበር።

ውድድሩን ራሳቸው ለመምራት የፈለጉ የቡድን ኃላፊዎች ከዘማቾቹ ማኅበራት ተነጥለው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በኋይትዋተር ከተማ ተካሂዶ የካሊፎርኒያው አናሃይም ኪንግስመን አሸነፈ። በ1983 የኒው ጀርሲው ጋርፊልድ ካዴትስ ጆርጅ ዚንጋሊ የነደፈውን፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል፣ እንደ ውሃ የሚፈስ ሰልፍ አቅርቦ አሸነፈ። በ1984 ስህተት ለቀማው ከነአካቴው ቀረ፤ ካዴትስም በዚያው ዓመትና በ1985 ደግሞ አሸነፈ። ልብ በሉ፤ ይህን አብዮት ያመጣው በ1934 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተመሠረተና የዌስት ፖይንትን የጦር አካዳሚ የሚመስል የደንብ ልብስ የሚለብስ ቡድን ነው። ልብሱን አልለወጠም፤ እርምጃውን ለወጠ።

አሁን ወደ ርእሳችን፣ ወደ ግራ እጅ እንግባ። ጠረጴዛ ቀረብ አድርጋችሁ በሁለት እርሳስ ሞክሩት።

በድሮው ዘመን ታምቡር በማንገቻ ከትከሻ ይንጠለጠል ነበር። ተንጠልጥሎም በተሸካሚው ግራ ጭን ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ፊቱ አግድም አይሆንም፣ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቀኝ እጅ እንደ መዶሻ ይዞ ቢመታ ይመቸዋል። ግራ እጅ ግን እንደዚያው ልያዝ ቢል ክርኑን ወደ ሰማይ መስቀል አለበት። መፍትሔው መዳፍን ወደ ላይ ማዞር ነበር፤ በትሩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይገባና በቀለበት ጣት ላይ ይተኛል። ይህ «የወግ አያያዝ» ይባላል።

ከዚያ በኋላ በትከሻ የሚለበስ ጠንካራ መሸከሚያ መጣ። ታምቡሩ አሁን በሆድ ፊት ልክ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል። ማዘንበል የለም። ያዘነበለ ነገር ከሌለ ግራ እጅን ማዞር ለምን አስፈለገ? በጤነኛ አስተሳሰብ ሁለቱም እጅ አንድ ዓይነት ይዞ መምታት ይቻላል፤ እንደዚያ ያደረጉ ቡድኖችም ነበሩ። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛዎቹ የታምቡር መስመሮች ግራ እጃቸውን እንዳዞሩ ናቸው። ቡግሉ ሄዷል፣ ወታደራዊው ፍተሻ ሄዷል፣ የግራ እጅ አያያዝ ግን አለ።

ምክንያቱን ስንፈልግ ያገኘነው ይህን ነው። ቡግሉን ያስቀረው የድርጅቱ ድምፅ አሰጣጥ ነው፤ እጅ ተነሳ፣ ተቆጠረ፣ ቀረ። የግራ እጅ አያያዝ ግን በደንብ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈ ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ በድምፅ ሊሻር አይችልም። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነው። የሃያ አንድ ዓመቱ ታምቡረኛ የአሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ ጣት በጣቱ ይዞ ያስተካክልለታል፤ ያም ልጅ በተራው ሌላውን።

እርግጥ በጽሑፍ የተያዘም አለ። በ1933 የተመሠረተው የአሜሪካ የታምቡረኞች ብሔራዊ ማኅበር 26 መሠረታዊ ምቶችን በዝርዝር አስቀመጠ። በ1984 ሌላ የከበሮ ሙያ ማኅበር ዝርዝሩን 40 አደረሰው። ከእነዚህ መካከል ፓራዲድል የሚባለው ይህ ነው፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። ስሙም ድምፁን የሚመስል ነው። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፤ ፍጥነት ኋላ ይመጣል። ግን ዝርዝሩን አንብቦ ታምቡረኛ የሆነ ሰው የለም። የእኛም ደብተሮች የዜማ ምልክቱ በብራና ተጽፎላቸው ሳለ ከመሪጌታቸው እግር ሥር ቁጭ ማለታቸው አልቀረም።

የእርምጃውም ትምህርት እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የኳስ ሜዳ ላይ በየ5 ያርዱ መስመር አለ። ከመስመር እስከ መስመር ስምንት እርምጃ ይሄዳሉ፤ አንዱ እርምጃ 57 ሣንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን በአንድ ደቂቃ ይማሩታል። እግሩ ቁጥሩን ሳያስብ እንዲረግጠው ግን ክረምቱን ሙሉ፣ በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ላይ እየተኙ ይለማመዳሉ። አዲሱ ከነባሩ ጋር በአንድ ረድፍ ይቆማል፤ በዓይኑ ጠርዝ እያየ ይማራል።

ይህን ጉዳይ ስንወያይ እኛው ራሳችን ለሁለት ተከፈልን። ከፊላችን «ምክንያቱ የጠፋ ልማድ ልማድ አይባልም፤ ልጁን ያለ ጥቅም ማስቸገር ነው» አለ። ሌላው ወገን «ልጁ ያን እጅ ሲያዞር ከአያቱ ዘመን ታምቡረኛ ጋር እጅ ይጨባበጣል፤ ይህስ ጥቅም አይደለም?» ብሎ መለሰ። አልተስማማንም፤ ለመስማማትም አልተጣደፍንም። በአንድ ነገር ግን አንድ ሆነናል። ምክንያቱን ሳይነግሩ ማስያዝ የማስተማር ጉድለት ነው። ታምቡሩ ያዘነብል እንደ ነበር የተነገረው ልጅ ማቆየትም መተውም ይችላል፤ ያልተነገረው ግን ሁለቱንም በጭፍን ያደርጋል። ለነገሩ የእኛው ተቋም የሰልፍ ከበሮ መቺዎች አምስት ናቸው፤ አምስቱም ዘንድሮ ተመራቂ ናቸው። የምታቸውን ቅደም ተከተል የጻፈው የለም፤ ከአንደኛ ዓመት አጠገባቸው ቆሞ የሚመታም እስካሁን አላየንም። ወራቱ ሳያልቅ መምህሮቻችን ቢያስቡበት፣ አምስቱም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጡን ደስ ይለናል።

ወደ አሜሪካው ጉዳይ እንመለስ፤ ለመተካካቱ አደገኛው ለውጥ ገና አልተነሳም። አንጋፋዎቹ በቡግልና በማይክሮፎን ላይ ሲሟገቱ ሌላ ነገር በጓሮ በር ወጥቷል። በድሮው ጊዜ ቡድን የሰፈር ነበር። ወጪውን የዘማቾች ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ይችላል፤ ታላቅ ወንድም ሲወጣ ታናሹ ይገባል። ዛሬ ታላላቆቹ ቡድኖች ከመላው አሜሪካ፣ ከጃፓንም ሳይቀር በፈተና ይመርጣሉ፤ ተመራጩም ለአንድ ክረምት በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ጥራቱ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። በየከተማው የነበሩት ብዙ ትናንሽ ቡድኖች ግን ጠፍተዋል። እንደ ኮንኮርዱ ብሉ ዴቪልስና እንደ ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ ያሉት በሥራቸው ለታዳጊዎች ተከታይ ቡድን በመያዛቸው መተካካቱን በመጠኑ አቆይተውታል። ቫንጋርድም ቢሆን በገንዘብ ችግር የ2023ን ውድድር ሳይሰለፍ ቀርቶ በ2024 ነው የተመለሰ።

የልብሱ ነገር ብዙ ያነጋግራል። በካንተን ከተማ በ1972 የተቋቋመው ብሉኮትስ ስሙን ያገኘው ከፖሊሶች ሰማያዊ ኮት ነው። በ2016 የመጀመሪያ ሻምፒዮንነቱን ሲያገኝ ግን የወጉን ኮትና ላባ ያለበትን ኮፍያ ትቶ ባዶ ራሱን ነበር ሜዳ የገባው። ሽማግሌዎች አዘኑ፤ ልጆቹ ጨፈሩ። በ1938 የተመሠረተው ማዲሰን ስካውትስም ለሰማንያ ዓመታት ወንዶችን ብቻ ሲይዝ ኖሮ በ2019 በሩን ለሁሉም እንደሚከፍት አስታወቀ። «ወንድማማችነታችን አበቃ» ያሉ ነበሩ። እኛ ሴቶችም ወንዶችም ሆነን ይህን ስንጽፍ፣ ለእህት የማይተርፍ ውርስ ግማሽ ውርስ ነው ብለን ነው የተረዳነው። በዚህ አንከፈልም።

ተመልሶ የመጣም አለ። የዋዮሚንጉ ትሩፐርስ፣ የጥንት ፈረሰኛ ወታደር ሰማያዊ ልብስ የሚለብሰው፣ በ2006 ከውድድር ቀርቶ ነበር። በ2007 ተመለሰ፤ በ2009 ደግሞ ከመጨረሻዎቹ 12 ቡድኖች አንዱ ሆነ። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ኪንግስመን ከፈረሰ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ የቀድሞ አባላቱ በ2007 በፓሳዴና ስታዲየም ጡሩምባቸውን ይዘው እንደገና ተሰለፉ። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ እርምጃው ግን አልጠፋቸውም። ይሁንና ከኋላቸው የሚሰለፍ የ17 ዓመት ልጅ አልነበረም።

ካዴትስ ደግሞ አሥር ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ የገንዘብ ችግርና የፍርድ ቤት ክስ ተደራርበውበት በ2024፣ በዘጠና ዓመቱ ተዘጋ። ያጠፋው ፒስተን አይደለም፤ ማይክሮፎንም አይደለም። በ2023 የመጨረሻውን ክረምት በ17 ዓመቱ የተሰለፈ ልጅ በ2027 21 ዓመት ይሆነዋል። ከዚያ ወዲያ ካዴትስ እንዴት እንደሚራመድ በእግሩ የሚያውቅ፣ ደንቡም ከወጣቶች ጋር እንዲሰለፍ የሚፈቅድለት ሰው ማግኘት ይከብዳል።