የጥብጣብ ጫፍ ለምን ይተረተራል? ድር፣ ማግና ሰበቃ

በጥምቀት ሰሞን ከጉርድ ሾላ እስከ እንጦጦ ግርጌ ባሉ መንገዶች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥብጣብ ተዘርግቶ ይታያል። ልብስ ሰፊዎች በሠርግ ልብስ ላይ ይሰፉታል፤ ተማሪዎችም ለምረቃ አበባ ማሰሪያ ይገዙታል። ይሁን እንጂ በመቀስ ተቆርጦ የተተወ ጥብጣብ ብዙም ሳይቆይ ጫፉ ይበተናል። ብዙዎች ክብሪት ጭረው ጫፉን ያቀልጣሉ። ይህ ዘዴ በአንዱ ጥብጣብ ላይ በሚገባ ሲሠራ ሌላውን ግን ያነደዋል። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ ጨርቅ እንዴት ተያይዞ እንደሚቆም እንመልከት።

ጨርቅን የሚይዘው ምንድን ነው?

በሽመና የተሠራ ጥብጣብ ሁለት ዓይነት ክሮች አሉት። በርዝመቱ የሚሄዱት ድር፣ በወርዱ የሚያልፉት ደግሞ ማግ ይባላሉ። በመካከላቸው ሙጫ የለም፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያቆየው ሰበቃ ብቻ ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አጫጭር ጭረቶች ተገምደው እንዴት ረጅምና ጠንካራ ገመድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ጠይቆ ነበር። የጥብጣቡም ጥያቄ የዚህ ዘመድ ነው።

የሰበቃን ጉልበት ለመገመት በምሰሶ ላይ የተጠመጠመ ገመድን እናስብ። የሰበቃው ኮኢፊሸንት 0.3 ቢሆን፣ አንድ ዙር የተጠመጠመ ገመድ በአንዱ ጫፍ የያዝነውን ኃይል ወደ 6.6 እጥፍ ያሳድገዋል። ሁለት ዙር 43 እጥፍ፣ ሦስት ዙር ደግሞ 286 እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህ እንደምንረዳው እያንዳንዱ ዙር የሚያበዛ እንጂ የሚደምር አይደለም። በጨርቅ ውስጥም ክሩ በሌላ ክር ላይ በታጠፈ ቁጥር፣ ማዕዘኑ ትንሽ ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ይፈጠራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በፊዚክስ ቋንቋ ሲገለጽ ይህን ይመስላል።

ጫፉ ላይ ግን ይህ ኅብረት ይፈርሳል። የመጨረሻው ማግ በአንድ ጎኑ ጎረቤት የለውም፤ የያዙትም የድሮቹ አጭር ቁራጮች ብቻ ናቸው። እነርሱ ቀጥ ሲሉ ማጉ ተንሸራቶ ይወጣል። ከዚያም ቀጥሎ ያለው ማግ በተራው የመጨረሻ ይሆናል። መተርተር የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

አቆራረጥ ለውጥ ያመጣል

ጥብጣቡን ቀጥ አድርገን ስንቆርጥ መላው ማግ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ስለሚሆን በአንድ ጊዜ ይወልቃል። በ45 ዲግሪ አዝማሚያ ስንቆርጥ ግን የእያንዳንዱ ማግ ጫፍ ብቻ በጠርዙ ላይ ይታያል፤ ቀሪው አካሉ በብዙ ድሮች መካከል ታስሮ ይቆያል። የባላ ቅርጽ ያለው አቆራረጥም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው። ነገር ግን ይህ መተርተሩን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

እሳት የሚረዳው የትኛውን ነው?

ፖሊስተር እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን በተባሉ ኬሚስቶች የተፈለሰፈ ፖሊመር ነው። በ70 እና በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መለስለስ ይጀምራል፤ በ250 እና በ260 መካከል ይቀልጣል። በፋብሪካ የተወጠሩት ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ሙቀት ሲያገኙ ይሸበሸባሉ። ክሩ ከነበልባል የሚሸሽ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ድሩና ማጉ አንድ አካል ይሆናሉ።

ጥጥ ግን ሴሉሎስ በመሆኑ አይቀልጥም፤ ሲሞቅ ይከስላል፣ ይነዳል። ሬዮንም እንዲሁ። ስለዚህ ለጥጥ ጥብጣብ ክብሪት መጫር ማለት ልብሱን ለእሳት ማቅረብ ነው።

የሚያስፈልገውስ ሙቀት ምን ያህል ነው? ወርዱ 2.5 ሴንቲሜትር የሆነ፣ በካሬ ሜትር 100 ግራም የሚመዝን የፖሊስተር ጥብጣብ እንውሰድ። ከጫፉ 1 ሚሊሜትር ብቻ ብናቀልጥ፣ የሚቀልጠው 2.5 ሚሊግራም ነው። ለዚህ 1 ጁል ገደማ ይበቃል። ሻማ በሰከንድ በርካታ አሥር ጁሎች ስለሚያወጣ፣ ከነበልባሉ ጎን የቅጽበት ቆይታ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ጫፉ ይጠቁራል፣ ይንጠባጠባል። የቀለጠ ፖሊስተር ጠብታ ደግሞ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ሲጠጥር ሙቀቱን በሙሉ ለቆዳው ስለሚሰጥ ከፈላ ውኃ ጠብታ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የሸማኔዎቻችን መፍትሔ

በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሚሸጡትን ነጠላና ጋቢ ልብ ብለን እንይ። ጥጥ ስለሆኑ በእሳት አይዘጉም። በጫፋቸው የተረፈው ድር በቡድን በቡድን ተገምዶ ይቋጫል። ሁለት ቡድን ክሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጠመዘዙ በኋላ አብረው ወደ ተቃራኒው ሲገመዱ፣ የመፈታት ዝንባሌያቸው እርስ በርሱ ይመዛዘናል። የመጨረሻው ማግም መውጫ ያጣል። ነገርን «መቋጨት» የምንለው ከዚሁ ሙያ ነው።

ለተግባር

1. ከጥብጣቡ ትንሽ ክር መዝዘን በወረንጦ እንያዝ፤ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ፣ ከጨርቅና ከወረቀት ርቀን እናቃጥለው። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና ለስላሳ አመድ ከተወ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው። ተሸብሽቦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው።

2. ሰው ሠራሽ ከሆነ በአዝማሚያ ቆርጠን ጫፉን ከነበልባሉ ታችኛ ክፍል ጎን በፍጥነት እናሳልፈው። ቢጫው ክፍል ጥላሸት ይቀባል። እስኪቀዘቅዝ በእጅ አንንካው።

3. ጥጥ ከሆነ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፈን እንዘምዝመው፣ ወይም ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም በስሱ እንቀባው። የጥፍር ቀለም በቀላሉ ስለሚነድ ከእሳት ይራቅ፤ አስቀድመንም በቁራጭ ላይ እንሞክረው።

ሦስቱም መንገዶች አንድ ዓላማ አላቸው፤ የመጨረሻው ማግ እንዳይንሸራተት ማድረግ። ቁሱን ሳይለዩ ክብሪት መጫር ግን ከመተርተር የከፋ ጉዳት ያስከትላል።