የመጀመሪያ ቀስት አመራረጥ፦ ጀሪካን፣ ሜትርና ጥቂት ፊዚክስ

ከጥቂት ወራት በፊት በቦንጋ ከተማ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከቁመቱ ጥቂት የሚያንስ የተጠረበ እንጨት በትከሻው አድርጎ ወደ እኛ መጣ። እንጨቱ መሐሉ ወፈር፣ ወደ ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ ሳሳ ያለ ነበር። «መምህር፣ ይህን ቀስት ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ለመማሪያ ይሆነኛል ወይስ ሌላ ልፈልግ?» ሲል ጠየቀን። በዚያው ቅጽበት መልስ አልሰጠነውም። ይልቁንም በማግስቱ አንድ ጀሪካን፣ የአናጢ ሜትርና የግማሽ ሊትር ጣሳ ይዞ እንዲመለስ ነገርነው። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ሦስት ዕቃዎች የመጀመሪያ ቀስትን እንዴት መምረጥ እንደሚቻል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ እንስማማ። በዕለት ንግግራችን «ቀስት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚታጠፈውን እንጨት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚወረወረውን ያመለክታል። እኛ የሚታጠፈውን ቀስት፣ የሚወረወረውን ፍላጻ፣ ክሩን አውታር እንላለን። ከእጀታው በላይና በታች ያሉትን ሁለት የሚታጠፉ ክፍሎች ደግሞ ክንፎች ብለናቸዋል። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋንም የዚሁ መሣሪያ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ አሠራሩን ለማየት ከቤት መውጣት አያስፈልግም።

የካፋ ተዋጊ ስሙ የሚነሣው በጦርና በጋሻ ነው። የካፋ ንጉሣዊ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1897 እስካበቃበት ጊዜ ድረስም የመሣሪያዎቹ ዋና ጦር ነበር። ስለዚህ በቦንጋ ቀስት መማር የሚፈልግ ወጣት የሚጠይቀው ባለሙያ አያት በቀላሉ አያገኝም። በሌላ በኩል በአገራችን ቀስት እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማያ የተባሉት ሕዝቦች በመርዛማ ፍላጻቸው የታወቁ ነበሩ። ከዚያ በእጅጉ ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ አጠገብ የተቆፈረ አንድ የጥንት ሰዎች መኖሪያ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣው የምርምር ውጤት እንደሚያመለክተው፣ ከዚህ ሥፍራ የተገኙት ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች በቀስት የተወረወሩ ፍላጻዎች ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም። ዕድሜያቸው ወደ 74 ሺህ ዓመት ይጠጋል። የቶባ እሳተ ገሞራ ከሩቅ ሱማትራ የተፋው ዐመድ ደቃቅ ብርጭቆዎች በዚያው አፈር ውስጥ ተገኝተዋል። ይህ ትርጓሜ ከጸና፣ ከእስካሁኖቹ የቀስት ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የሚገኘው በእኛው አገር ነው ማለት ነው።

እነዚያ የድንጋይ ጫፎች ትንንሽ መሆናቸው ለጀማሪው አንድ ነገር ያመለክተዋል። ትንሽ ጫፍ የሚሸከመው ቀላል ፍላጻ ነው፤ ቀላል ፍላጻን ለመወርወር ደግሞ የግድ ብርቱ ቀስት አያስፈልግም። በካላሃሪ የሚኖሩት የሳን አዳኞች እንኳ ትልልቅ እንስሳትን የሚያድኑት በቀላል ቀስት ነው፤ ገዳዩ ጉልበቱ ሳይሆን መርዙ ነውና። በምሥራቅ አፍሪካ ለዚሁ ተግባር የዋለው በአማርኛ ምረንዝ የምንለው ተክል ነው። ከዚህ ወገን ተክሎች የሚገኘው «ዋባይን» የተባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው የፍላጻ መርዝ ማለት ከሆነው የሶማልኛ ቃል ነው። በልብ ጡንቻ ላይ ያለው ውጤት ብርቱ ስለሆነ አንባቢ በስሙ ብቻ እንዲያውቀው እንጂ በእጁ እንዲሞክረው አንመክርም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀስት ይመርጣል። እኛም ከዚህ ስሕተት አልዳንንም። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ የተማሪዎች የቀስት ክበብ ውስጥ ገብተን ነበር። ልምድ ያላቸው አባላት 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚስብ ቀስት እንድንይዝ ቢመክሩንም፣ ከእኛ በሰውነት የሚያንሱ ሰዎች ከዚያ የበለጠውን ሲስቡ አይተን 20 ኪሎ ግራም የሚስብ ገዛን። በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ትከሻችን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ አሻፈረኝ አለ። ቀስቱም ከስድስት ወር በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

ያን ጊዜ ቁጭ ብለን ልናሰላው ይገባ የነበረው ስሌት የሚከተለው ነው። ቀስት ስፕሪንግ ነው። አውታሩን በሳብን ቁጥር የሚያስፈልገው ጉልበት በግምት ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ በቀስቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ኢነርጂ የመጨረሻው ጉልበትና የተሳበበት ርቀት ብዜት ግማሽ ነው። በሙሉ መሳቢያው 11.3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀስት እንውሰድ፤ በነጋዴዎች አነጋገር ባለ 25 ፓውንድ ነው። ጉልበቱ 111 ኒውተን ይሆናል። አውታሩ ከማረፊያው ግማሽ ሜትር ቢሳብ፣ የተጠራቀመው ኢነርጂ ወደ 28 ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ 60 ከመቶው ወደ ፍላጻው ተላለፈ እንበል፤ ለቀላል የእንጨት ቀስት ይህ ምክንያታዊ ግምት ነው። መጠነ ቁሱ 25 ግራም የሆነ ፍላጻ በሴኮንድ 36 ሜትር ተኩል ገደማ ይወነጨፋል። በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው።

ባለ 40 ፓውንዱን፣ ማለትም የ18 ኪሎ ግራሙን ብንመርጥስ? ጉልበቱ በ60 ከመቶ ይጨምራል። ፍጥነቱ ግን የሚያድገው በኢነርጂው ስኩዌር ሩት ስለሆነ 46 ሜትር በሴኮንድ ብቻ ይደርሳል፤ ጭማሪው 26 ከመቶ ነው። ጀማሪ በሚለማመድበት የ15 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ምን ጥቅም ይሰጣል? ዒላማውን በአንድ ከፍታ ለመምታት የመጀመሪያው ፍላጻ 3.2 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 2 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ማቅናት ይፈልጋል። ትከሻን የሚያስከፍለው ያ ሁሉ ተጨማሪ ጉልበት የገዛልን አንድ ዲግሪ ከጥቂት ነው። በአንጻሩ ከአቅም በላይ በሆነ ቀስት የሚንቀጠቀጥ ክንድ አንድ ዲግሪ ቢስት፣ ፍላጻው በ15 ሜትር ላይ በ26 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የማያቋርጠውን የዲግሪ ልዩነት ዐይን በልምምድ ይለምደዋል፤ መንቀጥቀጥን ግን ማንም ሊለምደው አይችልም።

ስለ ብርቱ ቀስት ዋጋ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ «ሜሪ ሮዝ» የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ያስታውስ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር ወጥታለች። በውስጧ ከተገኙት ቀስቶች ብዙዎቹ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ የሚስቡ እንደነበሩ ተገምቷል። አብረው በተገኙት አፅሞች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ የአንዳንዶቹ የትከሻ አጥንት በወጉ ሳይገጥም የቀረ መሆኑን አሳይቷል፤ ተመራማሪዎች ይህን ከልጅነት ጀምሮ ብርቱ ቀስት ከመሳብ ጋር ያያይዙታል።

እንግዲህ ስንት ኪሎ ግራም ይሁን? ዕድሜው ከ14 እስከ 16 ለሆነ ተማሪ ከ7 እስከ 9፣ ሰውነቱ ለጠና ወጣት ወንድም ሆነ ሴት ከ9 እስከ 11 ኪሎ ግራም በቂ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቀስቱን ወደ ሰማይ ሳያነሡ፣ ከዒላማው ፊት ለፊት ስቦ አሥር ሴኮንድ ያህል ሳይንቀጠቀጡ መያዝ ካልተቻለ ያ ቀስት ለጊዜው የሌላ ሰው ነው።

ርዝመቱን የሚወስነው ደግሞ የባለቤቱ ክንድ ነው። ሁለት እጆችን ወደ ጎን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካል፤ ውጤቱ ለ2.5 ይካፈላል። 170 ሴንቲ ሜትር የሚዘረጋ ሰው የመሳቢያ ርቀቱ 68 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከአንድ እንጨት የተሠራ ቀስት ርዝመት ወደ ባለቤቱ ቁመት የተጠጋ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱ የእንጨቱ መወጠር ነው። ቀስት ሲታጠፍ የውጭ ገጹ ይለጠጣል፣ የውስጥ ገጹ ይጨመቃል፤ የመወጠሩ መጠን ውፍረቱ ለመታጠፊያው ሬዲየስ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። አጭር ቀስት በተመሳሳይ ርቀት ሲሳብ በጠባብ ሬዲየስ ስለሚታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። አጭር ቀስት ለልጅ ይመቻል ብሎ መግዛት የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ ነው።

የእንጨቱ ዓይነት ብዙ ያከራክራል። እኛ ከስሙ ይልቅ ቃጫው ይበልጥብናል። የቃጫው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ የሚሄድ፣ ጉጥ የሌለበት መካከለኛ እንጨት፣ ቃጫው ከተጣመመ ወይራ ይሻላል። በአገራችን ለንቋጣ የምንለው ቁጥቋጦ ይታሰብ፤ ሳኖች ቀስታቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ነው። የካፋ ደጋ ቀርከሃ ውጫዊ ቅርፊቱ መለጠጥን በሚገባ ቢችልም፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ብቻውን ቀስት ከሚሆን ይልቅ ለፍላጻ ይመረጣል። እንጨት ለመፈለግ ወደ ጥብቅ ደን መግባት ግን አይገባም፤ የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው። ለአንድ ቀስት ከጓሮ አጥር የሚገኝ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ይበቃል።

ቦንጋ ዝናብ የማይርቃት አገር በመሆኗ እርጥበቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እርጥበት የያዘ እንጨት ይለሰልሳል፤ ከተሳበ በኋላም ጎብጦ ይቀራል። ስለዚህ ሊገዙት ያሰቡት ቀስት አውታሩ ሲፈታ ከአራት አምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ጎብጦ ከቀረ መተው ነው። በውስጥ ገጹ ላይ አግድም የተሠመሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉም እንዲሁ፤ ቃጫው ተጨምቆ መድቀቁን ያሳያሉና። አዲስ የተጠረበ እንጨት ከምድጃ ራቅ ብሎ፣ ጢስና ሙቀት በጥቂቱ በሚደርስበት ቆጥ ላይ ለወራት ቢቀመጥ ይጠቅመዋል።

አውታሩን በተመለከተ የናይለን ክር ሲጠቀሙ አይተናል። ናይለን ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ለፍላጻው ሊደርስ የሚገባውን ኢነርጂ ለራሱ ያስቀራል። የማይለጠጥ ጠንካራ የፖሊስተር ክር ይሻላል። ፍላጻ ሳይኖርበት የተሳበ አውታር ደግሞ ፈጽሞ አይለቀቅ። ከላይ ባሰላነው ቀስት ፍላጻው 25 ግራም ሲሆን በክንፎቹ የሚቀረው ኢነርጂ 11 ጁል ነው፤ ፍላጻ ከሌለ ግን 28ቱም ጁል ተመልሶ በእንጨቱ ላይ ያርፋል። ፍላጻው በጣም ሲቀልም ነገሩ ወደዚሁ ይቀርባል። ፊዚሲስቱ ፖል ክሎፕስቴግ ክንፎቹና አውታሩ ከፍላጻው ጋር አብሮ እንደሚወነጨፍ ተጨማሪ መጠነ ቁስ ተደርገው ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ያስረዳው ለዚህ ነው። በእኛ ምሳሌ ይህ ተጨማሪ ወደ 17 ግራም ይመጣል።

አንባቢ በየትኛው እጁ መሳብ እንዳለበት የሚወስነው ዐይኑ ነው። በሁለት እጆች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ፣ በሩቅ ያለ አንድ ዛፍ በሁለት ዐይን ካዩ በኋላ አንዱን ዐይን መጨፈን ነው። ዛፉ ከቀዳዳው ያልጠፋበት ዐይን መሪ ነው። ቀኝ ዐይኑ መሪ የሆነ ሰው በቀኝ እጁ ይሳብ።

አሁን ተማሪው ጀሪካኑን ይዞ ተመልሷል። ቀስቱን በሁለት የአግዳሚ ወንበሮች መካከል በተጋደመ ወፍራም አጣና ላይ፣ አውታሩ ወደ ታች ሆኖ በእጀታው አሳረፍነው። ባዶውን ጀሪካን ከአውታሩ መሐል አንጠለጠልነው። ሁላችንም ወደ ጎን ዞር አልን፤ የሚሰበር ክንፍ ወዴት እንደሚበር አይታወቅምና። ከዚያ በየሁለት ሊትሩ ውኃ እየጨመርን፣ አውታሩ ከእጀታው የራቀበትን ርቀት በሜትር እየለካን ጻፍን። ውኃው አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሚዛን አላስፈለገንም፤ የባዶው ጀሪካን ክብደት ብቻ ተደመረ። እንጨቱ እንዳይደክም በየልኬቱ መሐል ጀሪካኑን በእጃችን ደግፈን አሳረፍነው። ነጥቦቹ በካሬ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ስፋት ተማሪው ራሱ ካሬ በካሬ ቆጥሮ ወደ ጁል ቀየረው።

የእርሱ የመሳቢያ ርቀት 68 ሴንቲ ሜትር ነበር። አውታሩ እዚያ ሲደርስ ጠቅላላ ክብደቱ 15 ኪሎ ግራም ሆነ። ፊቱ ላይ ደስታ አየን፤ ለእኛ ግን ያ የራሳችን ትከሻ ትዝታ ነበር። ወደ 11 ዝቅ ሊል ይገባው ነበር። የክንፍ ግትርነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ውፍረቱን በአንድ አሥረኛ ብንቀንስ ጉልበቱ በ0.9 ኪዩብ፣ ማለትም ወደ 73 ከመቶ ይወርዳል። የክንፎቹ ውፍረት እጀታው አጠገብ 15 ሚሊ ሜትር ነበር፤ መፋቅ የነበረበት ከዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ፣ ወደ ጫፎቹ ደግሞ በዚያው መጠን እየሳሳ ነው። ከውስጥ ገጹ ብቻ እንዲፍቅ፣ የውጭውን ቃጫ እንዳይነካ አስጠነቀቅነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀሪካኑን ይዞ መጣ። በዚያው 68 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠቅላላው ክብደት 11 ኪሎ ግራም ከሁለት መቶ ግራም ሆነ።