የጉለሌ አገር በቀል ዕፅዋት፤ አጠባበቅና ማባዛት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ይገኛል። ቀድሞ ተራራውን ሸፍኖት የነበረው የጽድ፣ የወይራና የኮሶ ደን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተማው ሲመሠረት ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ አለቀ። መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከገባ በኋላ የእንጨት እጥረቱ ተቃለለ፤ ነገር ግን ተራራው በአንድ ዓይነት ዛፍ ተሸፈነ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን አቋቋሙ። ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው።

2. ዕፅዋቱና መኖሪያቸው

ሀ. በተራራው ከፍተኛ ቦታ፦ አስታና አምጃ።
ለ. በተዳፋቱ ላይ፦ ጽድና ወይራ፤ በግልጥ ቦታ ቀጋ።
ሐ. እርጥበት ባለበት ሸለቆና በወንዝ ዳር፦ ኮሶና ጥቁር እንጨት።

ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ በዓለም ደረጃ ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዛፍ ነው። ኮርች ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም።

3. ጉዳት የሚያደርሱ ነገሮች

በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የጽድ ቡቃያ ራሱን ችሎ ይወጣል። ሆኖም ቅጠል ሲጠረግ ቡቃያው አብሮ ይነቀላል፤ የቀረውን ከብት ይረግጠዋል። ቅጠሉን የሚለቅሙት እናቶች መተዳደሪያቸው ይኸው ስለሆነ፣ ክልከላ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር ተነጋግሮ የሚጠረገውንና የሚከለለውን ቦታ በየተራ መለየት፣ ቡቃያ ባለበትም ምልክት መትከል ይገባል።

ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መመንጠር አንመክርም። ተዳፋቱ ከተራቈተ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። ጥቂት በጥቂት እየቈረጡ፣ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውን እየመለመሉ፣ በቦታው አገር በቀል ችግኝ መተካት ይሻላል።

4. አባዝ

ጽድ፦ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። ፍሬው ሰማያዊ መልክ ሲይዝ ከብዙ እናት ዛፎች ይለቀማል፤ ታሽቶና ታጥቦ ይዘራል። ቀስ ብሎ ስለሚበቅል መደቡን ቶሎ ማፍረስ አይገባም።

ኮሶ፦ ይህም ወንዴና ሴቴ አለው። ለመድኃኒት የሚለቀመው የሴቴው አበባ ስለሆነ፣ ለዘር የሚሆኑ ዛፎች ሳይለቀሙ ይቈዩ። ፍሬ አይሰጥም ተብሎ ወንዴው ቢቈረጥ ሴቴዋም ዘር አልባ ትሆናለች። ዘሩ ደቃቅ ነውና አፈሩ በላዩ በስሱ ይነስነስ።

ጥቁር እንጨት፦ ዘሩ ሲቈይ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። የበሰለው ፍሬ ሥጋው ተልጦ ወዲያው ይዘራ፤ በፀሐይ አይድረቅ።

ኮርች፦ ቅርንጫፉ ተቈርጦ ቢተከል ስለሚጸድቅ ለአጥር ይሆናል። አፈርንም ያዳብራል።

ችግኙ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ በሐምሌ ይተከል።

5. ማሳሰቢያ

እያንዳንዱ ማኅበር በአካባቢው የቀሩትን እናት ዛፎች ቈጥሮ ይመዝግብ፤ ወንዴና ሴቴውንም ይለይ። ችግኝ በየዓመቱ ማፍላት ይቻላል፤ ዘር የሚሰጠው አሮጌ ዛፍ ከወደቀ ግን ምትኩ ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ ከመትከል በፊት ያለውን መጠበቅ ይቅደም እንላለን።