ትምህርት 12፤ «ከሆነ» እና «ቢሆን ኖሮ»

ምንባብ፦ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የፕሮሰሰሩን ችሎታ ይመርምር። ከደሴ ገዝቶ ኮምቦልቻ ከወረደ በኋላ የሚመጣ ጸጸት ገንዘብ አይመልስም፤ የሳጥኑም ማማር ስለ ውስጡ አይመሰክርም። ስለዚህ ማሽኑን አብርቶ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና ቁጥር በደብተሩ ይጻፍ፤ ቀጥሎም ከሠሪው ኩባንያ ዝርዝር ጋር ያመሳክር። ባለ32 ቢት ብቻ ከሆነ ለባለ64 ቢት የተዘጋጀ ፕሮግራም አይቀበልም፤ በ32 ቢት የሚቈጠር የሜሞሪ አድራሻም 4 ጊጋባይት ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ባለ64 ቢት ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮሰሰሩ በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ያም ሆኖ አሮጌ ማሽን ሁሉ አይጣልም፤ ቀለል ያለ የሊኑክስ ዐይነት ሊያሠራው ይችላል።

ማብራሪያ፦ «ፕሮሰሰሩ ባለ64 ቢት ከሆነ ፕሮግራሙን ይቀበላል» ስንል ነገሩ ገና አልተረጋገጠም። «ባለ64 ቢት ቢሆን ኖሮ ይቀበል ነበር» ስንል ግን አለመሆኑ ታውቋል። እንግዲህ የመጀመሪያው የሚመረምር ሰው፥ ሁለተኛው የሚጸጸት ሰው አነጋገር ነው።

መልመጃ፦
1. «ገዢው ቁጥሩን ቢያመሳክር ኖሮ ገንዘቡ አይባክንም ነበር።» ገዢው ቁጥሩን አመሳክሯልን? በምን ዐወቃችሁ?
2. ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ግዢው ገና እንዳልተፈጸመ አድርጋችሁ ጻፉ።
3. ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ወዳጅ ምክር የሚሰጥ አንድ አንቀጽ ድረሱ።